የሰው ውሃ ተሸካሚዎች

የጥርስ ሐኪሙ ከድንጋይ ዓምዱ ሥር በጀርባው ተንጋሎ ነበር። ስንት ዘመን ድርቅ ብሎ የከረመው ምድረ በዳ ዘንድሮ ዝናብ ቀምሶ አበባ በአበባ ሆኗል፤ ሐምራዊው፣ ነጩ፣ ቢጫው እስከ ሟቹ ጆሮ ድረስ ደርሷል። የእግር ጉዞ ቡድናቸው መሪ ሻለቃው የዝናብ ካፖርታቸውን ከቦርሳቸው አውጥተው አልብሰውታል። ካፖርቱ አጭር ስለሆነ ግን እግሩን አልሸፈነውም። ሚስቱ፣ ፋርማሲስቷ፣ ፈዛ የምታየው ከካፖርቱ ሥር የወጣውን ጫማውን ነበር። ጎንበስ ሲል ወገቡን ስለሚያመው ጠዋት ክሩን ያሰረችለት እሷ ነበረች።

ማልቀስ ነበረባት። እንባው ግን አልመጣ አላት፤ ምክንያቱም ከወዲያ ማዶ ከቡድኑ ጋር የመጣችው የሥዕል መምህርቷ መሬት ላይ ተቀምጣ ስቅስቅ ብላ ታለቅስ ነበር። «እሷ ምን አግብቷት ነው እንዲህ የምትሆነው?» የሚል ሐሳብ ከእንባዋ ቀድሞ መጣ። በባል ሬሳ ላይ መቅናት ነውር መሆኑን ታውቃለች። ማወቋ ግን የሆዷን ቃጠሎ አላበረደላትም።

ታላቅ እህቷ ከኋላዋ መጥታ ትከሻዋን አቀፈቻት። የትምህርት ቤት ዳይሬክተር ናት፤ ከፋርማሲስቷ አፍ ሰምተው የጉዞ ቡድኑ ሰዎች ሁሉ «እትዬ» ይሏታል። «አይዞሽ» አለቻት። «እኔ አለሁልሽ።»

ፖሊስ ደረሰ። ከመኪናው የወረደችው ኢንስፔክተር አጭር፣ ወፈር ያለች፣ ዕድሜዋ ከሃምሳ ያለፈ ሴት ነበረች። ማንንም ሳታናግር ሬሳውን አየች፣ ዓምዱን በጎን በኩል ዞራ እያለከለከች ወደ አፋፉ ወጣች፣ እዚያም በሆዷ ተኝታ ድንጋዩን ስትመረምር ቆየች። ስትወርድ ሻለቃው ጠጋ አሉና፣

«አዳልጦት ነው አይደል?» አሏት።

«ሻለቃ፣ ቢያዳልጠው ፊቱን ወደ ገደሉ አድርጎ ይወድቅ ነበር» አለች ልብሷን እያራገፈች። «ይሄ ሰው የወደቀው በጀርባው ነው። ሁለቱም ተረከዞቹ አፋፉን ፍቀውታል። ሰው ጀርባውን ለገደል የሚሰጠው ፊት ለፊቱ የሚያናግረው ሰው ሲኖር ነው።»

ቀስ ብላ አራቱንም አየቻቸው።

«ከናንተ ሌላ ደግሞ እዚህ በረሃ ሰው የለም።»

ቦርሳዎቻቸው ሁሉ እዚያው ተሰብስበው ፖሊስ መኪና ላይ ተጫኑ። ራሳቸውም ወደ እንግዳ ማረፊያው ተመለሱ።

የማረፊያው ምግብ ቤት ጠባብ ነው። ረጃጅም አግዳሚዎች፣ የላስቲክ ጨርቅ የለበሰ ጠረጴዛ፣ በመስኮቱ ደግሞ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ የሚቀሉት የድንጋይ ዓምዶች። ኢንስፔክተሯ ሌሎቹን በረንዳ ላይ እንዲጠብቁ አድርጋ ፋርማሲስቷን ጥግ ላይ አስቀመጠቻት።

«አንቺ እዚሁ ሁኚ፤ ከዓይኔ እንዳትርቂ።»

«ለምን እኔ?»

«ባል ሲሞት መጀመሪያ የምትታየው ሚስት ናት፣ እህቴ። አትቀየሚኝ፤ ሥራዬ ነው።»

ፋርማሲስቷ አልተቀየመችም፤ ፈራች። ኮሌጅ የገባች አንዲት ልጅ አለቻት። አባቷን ዛሬ አጥታለች፤ ነገ ደግሞ «እናትሽ ገደለችው» ሊሏት ነው። የሚያሳስባት ይሄ ብቻ ቢሆን ደግ ነበር፤ ከሥሩ ግን ሌላ ጥያቄ ይነድዳል፦ ባሏ ያቺን ሴት ወዷት ነበር ወይስ አልወደዳትም?

መጀመሪያ ሻለቃው ገቡ። ጡረታ ከወጡ ወዲህ ወታደር የሚያዙት ቢያጡ ይህን የእግር ጉዞ ቡድን አቋቁመው ያዛሉ።

«ሕግ አለን» አሉ ደረታቸውን ነፍተው። «ማንም የራሱን ውሃ አይሸከምም። የራሱን ውሃ የያዘ ሰው ጓደኛ የለውም፤ ጥሎ ይሄዳል። የጠማው ሰው ውሃውን የያዘለትን ፈልጎ ማግኘት አለበት። በዚህ ሕግ ስንጓዝ አንድ ሰው ጠፍቶብን አያውቅም።»

«ዛሬ ማን የማንን ያዘ?»

«ዶክተሩ የእትዬን። የሥዕል መምህርቷ የዶክተሩን። እትዬ የኔን፣ እኔ የእመቤቲቱን» አሉ ወደ ጥግ እየጠቆሙ። «እመቤቲቱ ደግሞ የመምህርቷን።»

ኢንስፔክተሯ ወደ ፋርማሲስቷ ዞረች። «የሷን ውሃ አንቺ?»

«ሻለቃው ናቸው የደለደሉት» አለች ፋርማሲስቷ። ቀኑን ሙሉ ያ ኮዳ ጀርባዋ ላይ ሲንቦጫረቅ ድንጋይ የተሸከመች ያህል ከብዷት ነበር። የባሏን ኮዳ ሁልጊዜ የምትይዘው እሷ ነበረች። ዘንድሮ «እስቲ እንቀያየር፣ ለውጥ ጥሩ ነው» ያለው ባሏ ራሱ ነው። ለውጡ ምን እንደሆነ አሁን ገባት።

«በመንገድ ላይ ጠጥታችኋል?»

«እስክንለያይ ማንም አልቀመሰም፤ እኔ እያየሁ። ጠዋት ጠግበን ጠጥተን፣ ኮዳዎቹን እስከ አፋቸው ሞልተን ወጣን። ዓምዶቹ ጋ ስንደርስ 'አበባውን በየፊናችሁ እዩና የድንጋይ ቅስቱ ሥር እንገናኝ' አልኩ። እኔ ጉልበቴን ስለሚያመኝ ከመምህርቷ ጋር በቀጥታ ቅስቱ ሥር ሄድን። እሷ ትስላለች፣ እኔ…»

«አንኮራፉ?»

«ዓይኔን አሳረፍኩ» አሉ ሻለቃው። «ከዚያ እመቤቲቱ መጣች፤ ቀጥሎ እትዬ። እትዬ የሰው አደራ አትነካም! በዚያ ሐሩር ኮዳዬን ጠዋት እንደሰጠኋት እስከ አፉ ሙሉ ነው የመለሰችልኝ። የሷ ኮዳ ዶክተሩ ጋ ስለነበር 'ከኔ ተጎንጪ' ብላት 'አልጠማኝም' አለችኝ። እንዲህ ያለ ወታደር ባገኝ ጄኔራል ሆኜ ነበር ጡረታ የምወጣው።»

ኢንስፔክተሯ ሳቀች። ዓይኗ ግን አልሳቀም።

የሥዕል መምህርቷ ዓይኗ አብጦ ገባች። ፋርማሲስቷ ከእግር ጥፍሯ እስከ ራስ ፀጉሯ ቃኘቻት። ቆንጆ አይደለችም። ፋርማሲስቷን ያናደዳትም ይሄው ነው፤ ቆንጆ ብትሆን ኖሮ ነገሩ በገባት ነበር።

«ቅስቱ ሥር ሆኜ እሳቸው እስኪነቁ ስስል ነበር» አለች መምህርቷ። «አንዴ ቀና ስል እሷን አየኋት። በዶክተሩ አቅጣጫ ወደ አፋፉ ስትሄድ።»

«ውሸት ነው!» ፋርማሲስቷ ከመቀመጫዋ ተነሳች። «እኔ ሜዳው ላይ ነበርኩ!»

«ተቀመጪ፣ እህቴ። ተራሽ ይደርሳል» አለች ኢንስፔክተሯ፤ ከዚያ ወደ መምህርቷ፦ «አንቺና ሟቹ ምንና ምን ነበራችሁ?»

መምህርቷ ጣቶቿን አፍተለተለች። «እስካሁን ምንም። ግን… 'ዛሬ ማታ ለሚስቴ እነግራታለሁ' ብሎኝ ነበር።»

ፋርማሲስቷ ተጠራጥራ ኖራለች፣ ኪሱን ፈትሻለች፣ ሸሚዙን አሽትታለች። መጠርጠር ሕመም መስሏት ነበር፤ ሕመሙ ማወቅ ላይ ነው።

መምህርቷ ስትወጣ ኢንስፔክተሯ ወንበሯን ጎትታ ፋርማሲስቷ ፊት ቁጭ አለች።

«ሜዳው ላይ ነበርኩ አልሽ።»

«አዎ።»

«ሜዳው ላይ ነጭና ሐምራዊ አበባ ነው ያለው። ይሄ ብርቱካንማው የበቀለው ከዓምዱ ጀርባ፣ ወደ አፋፉ በሚወጣበት በኩል፣ ድንጋዩ ጥላ ውስጥ ብቻ ነው። እኔም ጎብኝቼዋለሁ» አለችና የፋርማሲስቷን ሱሪ በጣቷ ነካች። ሁለቱም ጉልበቶቿ ላይ የአበባ ብናኝ ተለድፏል። «ተንበርክከሽ ነበር። ስትጸልዪ እንዳትዪኝ ብቻ።»

ፋርማሲስቷ ፊቷን በመዳፏ ሸፈነች።

«ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል» አለች ኢንስፔክተሯ። ድምፅዋ ግን ክፋት አልነበረውም። «አሁን አራግፊው።»

«ተከትየው ነበር» አለች። «ከሷ ጋር ተቃጥሮ መስሎኝ። ከድንጋዩ ኋላ ተንበርክኬ ሰለልኩት። ብቻውን ነበር። አፋፉ ላይ ተቀምጦ ሩቅ ሩቅ ያያል። ሌባ ሌባ ሸተትኩ፤ ራሴን ታዘብኩና ተመለስኩ። ቅስቱ ሥር ስደርስ ለዚያች ሴት ኮዳዋን ሰጠኋት፣ ከሻለቃው የራሴን ተቀብዬ ጠጣሁ። እትዬ ቆይታ መጣች። 'የቀትር ኪኒንሽን ዋጥሽ?' አልኳት፤ ሁልጊዜ እጠይቃታለሁ፣ ደም ግፊት አለባት። 'ውጫለሁ' አለችኝ። ከዚያ እሱን መጠበቅ ጀመርን። እስካሁንም አልመጣ።»

ይሄን ጊዜ እንባዋ መጣ። ኢንስፔክተሯ እስክትጨርስ ጠበቀቻት፤ ከዚያ የሟቹን ቦርሳ አምጥታ ጠረጴዛው ላይ ፈታችው። ኮፍያ፣ መነጽር፣ አንድ ኮዳ። ኮዳውን ጆሮዋ ሥር ነቀነቀችው። ውሃው ተንቦጫረቀ።

«ይሄ የእትዬ ነው?»

«የሷ ነው።»

«ጎድሏል። ባልሽ ጠጥቶት ይሆን?»

ፋርማሲስቷ በእንባዋ መሀል ፈገግ አለች። «እሱ? የሰው አፍ ሲያይ የሚውል ሰው ነው። አፍ ውስጥ ያለውን ጉድ ስለሚያውቅ ከኔ ኮዳ እንኳን ጠጥቶ አያውቅም። ተጠምቶ ይሞታል እንጂ የእትዬን ኮዳ ከንፈሩ ላይ አያሳርፍም።»

መጨረሻ ላይ እትዬ ተጠራች። ቀጥ ብላ ገባች፣ ቀጥ ብላ ተቀመጠች፤ ደወል ሳይደወል ክፍል የማትለቅ ሰው መሆኗ ከአቀማመጧ ይታወቃል። ዓምዶቹ መሀል ብቻዋን ስትዘዋወር እንደቆየች፣ ከተለያዩ በኋላ ዶክተሩን እንዳላየችው ለኢንስፔክተሯ ነገረቻት።

«ጨርሶ አላዩትም?»

«ጨርሶ።» ሰዓቷን አየች። «ይቅርታ፣ የማታ ኪኒኔ ደርሷል። ቦርሳዬ እናንተ ጋ ነው።»

ኢንስፔክተሯ ቦርሳዋን ራሷ አምጥታ ሰጠቻት። እትዬ በሦስት የተከፈለ ትንሽ የኪኒን ሣጥን አወጣች፤ ፋርማሲስቷ ጠዋት በገዛ እጇ የሞላችላት ነው። የጠዋቱ ባዶ ነው፣ የቀትሩ ባዶ ነው። ከማታው አንዲት ሚጢጢ ኪኒን አነሳችና ብርጭቆ ሙሉ ውሃ አስቀዳች። አንገቷን ወደ ኋላ ሰብራ፣ ዓይኗን ጨፍና፣ ብርጭቆውን እስከ ጠብታው ጠጥታ ነው የወረደላት።

«እኔስ ድንጋይ የሚውጡ መስሎኝ!» አለች ኢንስፔክተሯ።

«ጉሮሮዬ ጠባብ ነው» አለች እትዬ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ ብላ። «ከልጅነቴ ጀምሮ።»

ፀሐይዋ ዓምዶቹ ጀርባ ስትገባ ኢንስፔክተሯ ሁሉንም ጠረጴዛው ዙሪያ ሰበሰበቻቸው። በሩ ላይ ሁለት ፖሊሶች ቆሙ። አንደኛው ካቴና ይዟል። ፋርማሲስቷ ካቴናውን አይታ እጇን ጠረጴዛው ሥር ደበቀች።

«ሻለቃና መምህርቷ አብረው ነበሩ» ብላ ጀመረች ኢንስፔክተሯ። «ሻለቃ ያንኮራፉ ነበር፤ መምህርቷ እሳቸው እስኪነቁ ዓምዶቹንና ወደ አፋፉ የምትሄደውን እመቤቲቱን ስትስል ነበር። ሥዕሉን አይቻለሁ፤ ከቅስቱ ሥር ካልሆነ በቀር ከሌላ ቦታ በዚያ መልክ የሚታይ ነገር አይደለም። እነሱን እንተዋቸው። የቀሩት እህትማማቾቹ ናቸው።»

«ይሄ ምን የሚሉት ነገር ነው?» አለች እትዬ። «የኔ እህት ጉንዳን አትረግጥም።»

«ቅናት ያላት እሷ ናት፤ አፋፉ ሥር የነበረችው እሷ ናት፤ የዋሸችውም እሷ ናት። በዚህ ብቻ ብፈርድ ዛሬ ይዣት እሄድ ነበር። ግን አንድ ኮዳ አስቸገረኝ።» የእትዬን ኮዳ አንስታ ጠረጴዛው ላይ አቆመችው። «ጠዋት እስከ አፉ ሙሉ ነበር። እስክትለያዩ ማንም አልጠጣም። ከዚያ በኋላ ዶክተሩ ጀርባ ላይ ነበር፣ ዶክተሩም የሰው ኮዳ አይጠጣም። ታዲያ ማን አጎደለው?»

«ፈሶ ይሆናል» አሉ ሻለቃው።

«ክዳኑ ጥብቅ ብሎ ተዘግቷል፤ ቦርሳውም ደረቅ ነው። ከዚህ ኮዳ የምትጠጣው ባለቤቷ ብቻ ናት። እመቤቴ፣ ከዶክተሩ ጋር ጨርሶ አልተያየንም ብለውኛል።»

እትዬ አልደነገጠችም። «ዶክተሩ ውሃውን ፊቱ ላይ ቢያፈስስስ? በዚያ ሐሩር ማን ይፈርድበታል?»

«እኔም እንደዚያ አሰብኩ። ስለዚህ ኮዳውን ተውኩና ወደ ኪኒኑ ሄድኩ። የቀትሩን ኪኒን ቅስቱ ሥር ከመድረስዎ በፊት ውጠዋል፤ ለእህትዎ ነግረዋታል፣ ሣጥኑም ባዶ ነው፣ ቅስቱ ሥር ሻለቃው ቢጋብዙዎትም ውሃ አልጠጡም፣ ቦርሳውም ፖሊስ ከመጣ ወዲህ እኛ ጋ ነበር። በምን ውሃ ዋጡት? የሻለቃው ኮዳ እጅዎ ላይ ነበር፤ ሻለቃው ግን እስከ አፉ ሙሉ ተቀብያለሁ ይላሉ። ሌላ ሰው የሻለቃውን ውሃ ተጎንጭቶ ኪኒኑን ውጦ ይሄድ ነበር። እርስዎ ግን ሕግ አክባሪ ነዎት። ውሃዎን ፍለጋ የያዘልዎትን ሰው አገኙት።»

«ኪኒን በምራቅም ይዋጣል» አለች እትዬ።

«እንግዲህ ይሄን የሚያውቅ አንድ ሰው አለ።» ኢንስፔክተሯ ወደ ፋርማሲስቷ ዞረች። «እህቴ፣ ሣጥኑን የሞላሽው አንቺ ነሽ። የቀትሯ ኪኒን ምን ታህላለች? እህትሽ ያለ ውሃ ልትውጣት ትችላለች?»

ፋርማሲስቷ ጥያቄው የት እንደሚያደርስ ገባት። «ትችላለች» ካለች እትዬ ትድናለች፤ ካቴናው ለፋርማሲስቷ ነው። «አትችልም» ካለች እሷ ወደ ልጇ ትመለሳለች፤ እናታቸው ከሞተች ወዲህ ያሳደገቻት እህቷ ትታሰራለች። የቀትሯ ኪኒን ትልቋ ናት፤ ሁለት ቦታ ካልተሰበረች በሙሉ ብርጭቆ እንኳን አንቃት ታውቃለች። ዛሬ ደግሞ ሙሉዋን ነው ያስቀመጠችላት።

እህቷን አየቻት። «ትችላለች» ልትል አፏን ከፈተች። እውነቷን ነው፤ ልትል ነበር።

እትዬ ግን ቀድማ እጇን ዘርግታ እጇን ያዘቻት። «ተይ አትጨነቂ፣ የኔ ቆንጆ» አለቻት በለሆሳስ። «የፈለግሽውን በይ። እሱ እንደሆነ ለሁለታችንም አልሆነን።»

ለሁለታችንም።

ፋርማሲስቷ እጇን ከእህቷ እጅ ውስጥ ቀስ አድርጋ አወጣች። ሆዷ ውስጥ ቀኑን ሙሉ የነደደው እሳት ቦታውን ለወጠ፤ መምህርቷን ትቶ ወደዚህ ዞረ። የሚያስቀው፣ ከቅድሙ ይልቅ አሁን ባሰበት።

«አትችልም» አለች። «ያለ ውሃ አትወርድላትም። በውሃም በግድ ነው።»

ሻለቃው ራሳቸውን ያዙ። እትዬ ቀሚሷን አስተካከለች፤ ተማሪ ፊት የምትቆም ይመስል ቀና አለች።

«ውሃዬን ልጠይቅ ነበር የሄድኩት» አለች። «ሌላ ምንም አላሰብኩም። ኮዳዬን አውጥቶ ሰጠኝ፣ ኪኒኔን ዋጥኩ፣ ከድኜ ቦርሳው ውስጥ መልሼ አስገባሁለት። ተነስቶ ፊቴ ቆመና 'እትዬ፣ አንቺ ታስረጂልኛለሽ' አለኝ። 'ዛሬ ማታ እነግራታለሁ። አንቺ ከጎኗ ሁኚላት፣ አንቺ ጠንካራ ነሽ።' እየሳቀ! ስለዚያች ልጅ ሲያወራ ፊቱ እንዴት እንደበራ ብታዪ! እኔ ምን እንዳለኝ ሳይጠይቀኝ ዕድሜዬ አለቀ። ሁለት እጄን ደረቱ ላይ አሳረፍኩ። ከዚያ አልነበረም።»

መምህርቷ ድምፅ አውጥታ አለቀሰች። ማንም አላያትም።

«ለኔ ብለሽ ነው?» አለች ፋርማሲስቷ። «እኔን ስለበደለኝ ነው?»

እትዬ እጆቿን ለፖሊሱ ዘረጋች። ፖሊሱ ካቴናውን አጠለቀላት። ኢንስፔክተሯ ክርኗን ይዛ ልታስነሳት ስትል ፋርማሲስቷ መንገዱን ዘጋችባቸው።

«ቆይ። አንድ ነገር ልጠይቃት።»

«ጠይቂ» አለች ኢንስፔክተሯ።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?»

እትዬ ቀና ብላ አየቻት። በዚያ ፊት ላይ ጸጸት አልነበረም፤ ድካም ነበር።

«ካንቺ በፊት ነዋ» አለች። «ቤት ይዤው የመጣሁት እኮ እኔ ነኝ። ሻይ አቀረብሽለት፤ ከዚያ በኋላ እኔን አላየኝም። ያሳደግኩሽ ልጅ ነሽና ዝም አልኩ። ላንቺ ስተወው አንጀቴን አስሬ ነው። ለሷ ግን እንዴት ብዬ ልተወው?»

ወሰዷት። ሻለቃው በረንዳው ድረስ ተከትለው ሸኟት። መምህርቷ ግድግዳው ሥር ተኮራምታ ቀረች። ኢንስፔክተሯ ብቻ ተመልሳ ፋርማሲስቷ አጠገብ አግዳሚው ላይ ተቀመጠች።

«ለልጅሽ የሚደውልላት ሰው አለ?» አለቻት።

«እኔ እደውላለሁ።»

አልደወለችም፤ ስልኩን ጭኗ ላይ አድርጋ ቁጭ አለች። ባሏ ክሊኒክ የገቡትን ሴቶች ሁሉ ስትቆጥር፣ የጎረቤቷን ሰላምታ ስትመዝን፣ የረዳቱን ቀሚስ ስትለካ ነው የኖረችው። የቤቷን ቁልፍ የሰጠችው ግን ለእህቷ ነበር። ባሏ ታሞ የተኛ ጊዜ ሌሊቱን አስታማው ያደረችው እትዬ ናት፤ እሷ ከሌሊት ተራዋ ጠዋት ስትመለስ እትዬ ወንበር ላይ ተቀምጣ ተኝቶ ስታየው አግኝታታለች። ያኔ «እግዜር ይስጥሽ» ብላ አመስግናት ነበር። አሁን ያን ሌሊት አሰበች፤ ምን እንደተነጋገሩ፣ እጁን ይዛው እንደነበር፣ ላቡን በምን እንደጠረገችለት። ባሏ ገና አልተቀበረም። እህቷ ካቴና ገብቶላት መኪና ውስጥ ተቀምጣለች። እሷ ግን ቀናች፤ ከዛሬ በፊት ቀንታ እንደማታውቅ አድርጋ ቀናች።